ጓዙን ማን ይሸከም?

ቤተሰብ ይዞ ሐይቅ ዳር በድንኳን ማደር የከተማችን ሰው አዲስ አመል ሆኗል። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ፣ የሦስት ቀን ዕረፍት በተገኘ ቁጥር "ላንጋኖ እንውረድ" የሚል ወጣት ባለትዳር አይጠፋም። ታዲያ ዕቅዱ ገና በአፍ ሳለ ከቤቱ ሽማግሌ አንዱ ጣልቃ መግባታቸው አይቀርም። "ስንት ዘመን ደክመን ጣራና ግድግዳ ሠርተን፣ አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ሜዳ ልናድር? ይኼ የፈረንጅ ቅብጠት ነው!" ይላሉ። ልጆቹም ሌላ መልስ ስለሌላቸው "አይ አባባ፣ ካምፒንግ እኮ ነው" ብለው በእንግሊዝኛው በኩል ያመልጣሉ።

እኔ በዚህ ክርክር ከልጆቹ ጋር ነኝ። ማስረጃዬ ግን ከፈረንጅ መጽሔት የመጣ አይደለም፤ ከአባባ ከራሳቸው አፍ ነው የሚወጣው። አባባ "ከተማ" ሲሉ፣ "የእኛ ሰፈር" ሲሉ፣ ፊታውራሪ ስለነበሩት አያታቸው ሲያወሩ፣ ሳይታወቃቸው የድንኳን ቋንቋ ነው የሚናገሩት።

እስቲ ቃላቱን እንያቸው። "ከተመ" ማለት ጓዙን አራግፎ ሰፈረ ማለት ነው። በድሮዎቹ ዜና መዋዕሎች ውስጥ የንጉሥ "ከተማ" የሚባለው የድንጋይ ቤትና የአስፋልት መንገድ ያለው ቦታ አይደለም፤ ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳናቸውን የተከሉበት ሜዳ ነው። "ሰፈር"ም ያው ነው። ሠራዊት ሲሰፍር የያዘው ቦታ ሰፈር ተባለ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ተከታዮቻቸውን በዙሪያቸው አስፍረው ስለተቀመጡ ዛሬም ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እንላለን። (እህል መለካትም "መስፈር" ይባላል። በሰፈር ውስጥ ስንቅ የሚሰፈርላቸው ሰዎች እነማን እንደነበሩ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።)

ማዕረጎቹ ደግሞ ከዚህ የባሱ ናቸው። ፊታውራሪ ከሠራዊቱ ፊት የሚሄደው ነው። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይይዛል። ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው። ባልደራስ የፈረሱና የበቅሎው ኃላፊ ነው። ደጀን ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቅና የሚደግፍ። እነዚህ ሁሉ ከጊዜ ብዛት የክብር ስም፣ ቆይቶም የፎቶግራፍ መግለጫ ሆኑ እንጂ፣ መነሻቸው "አንተ የት ትሄዳለህ? ስንደርስስ ድንኳንህን በየት በኩል ትተክላለህ?" ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ማዕረጉን የሰማ ሰው የባለማዕረጉን ቦታ ያውቃል ማለት ነው። ዛሬ ስድስት ሰው በሁለት መኪና ላንጋኖ ደርሶ "ድንኳኑ የት ይሁን?" እያለ ፀሐይ የምትጠልቅበት ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመካከሉ ፊታውራሪ ስለሌለ ነው።

ይህ የድንኳን ኑሮ የጥቂት ዓመት ታሪክ አይደለም። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስከቆረቆረበት ድረስ፣ ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ የአገሪቱ መናገሻ በአመዛኙ የሚንቀሳቀስ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጡ እንደ ልዩ ነገር የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ከጎንደር በኋላም ቢሆን ድንኳኑ አልታጠፈም። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ከዕድሜያቸው ሰፊውን ክፍል ያሳለፉት በዘመቻ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ ወንዙም ስለሚሞላ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። መስቀል ሲበራ ድንኳኑ ይነሳል። ልጆቹ የላንጋኖን ጉዞ ከመስቀል ወዲያ ማሰባቸው እንግዲህ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት የቀን አቆጣጠር ነው።

ያንን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ከጻፉልን አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ኖረ። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ታተመ። አልቫሬዝን ካስደነቀው አንዱ የሰፈሩ ሥርዓት ነው። የንጉሡ ድንኳን ሲተከል ሌላው ሰው ሁሉ፣ መኳንንቱም ዳኛውም ነጋዴውም ወጥ ቤቱም፣ ማንም ሳይነግረው በቀኝና በግራ የራሱን ቦታ ይይዛል። አብያተ ክርስቲያናቱ ድንኳን ናቸው። ታቦታቱ በካህናት ትከሻ እየሄዱ ፊት ፊታቸው ቃጭል ይመታል። ገበያውም አብሮ ይጓዛል። ዛሬ አንድ ሜዳ ላይ የነበረ ያ ሁሉ ሰው በማግስቱ ሌላ ሜዳ ላይ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። መንገዶቹ፣ አደባባዩ፣ ችሎቱ ሳይቀር ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው መሬት ብቻ ነው።

ይኼን ሳነብ የሚታየኝ ትልቅ የዕቅድ ችሎታ ነው። ፊታውራሪው ቀድሞ ሄዶ ሦስት ነገር ይመለከታል፤ ውሃ፣ ሣር፣ ማገዶ። ውሃው ለሰውና ለከብት ይበቃል ወይ? ሣሩ ለስንት ቀን ነው? የሚቆረጥ እንጨት በቅርብ አለ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰፈሩ እዚያ አያድርም። ስንቁም የታሰበበት ነበር። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፦ እነዚህን ዛሬ እንደ መክሰስ እናያቸዋለን እንጂ እያንዳንዱ ለአንድ ችግር የተበጀ መፍትሔ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም። ድርቆሽ አይሻግትም። ቋንጣ ማቀዝቀዣ አያሻውም። ጭኮ ቅቤው ጠጥቶበት ስለሚቆይ ትንሹ ብዙ ያውላል። አገልግሉን ቆዳ ያለበሰው ሰው፣ በቅሎ ላይ ተንገላቶ ወጡ እንዳይፈስ ያሰበ ሰው ነው። የዛሬው ወጣት ለካምፒንግ ብሎ ከሱፐርማርኬት ሲገዛ የሚውለው ያው በሶ ነው፤ ስሙን ለውጦ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ አምስት እጥፍ ተወድዶ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። አባባም "እንዲህ ነበርን!" ብለው ጋቢያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ነገር ግን በቅሎው ላይ ያልተጫነውን ጓዝ ማን ይሸከመው እንደነበር ካልጠየቅን ወሬያችን ሙሉ አይሆንም።

የሸከሙት ሴቶች ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች ቁጥር ትተን ሥራቸውን ብቻ እንመልከት። ወታደሩ ጋሻና ጦር፣ በኋላም ጠመንጃ ይዞ ሲሄድ ሴቷ የጠጁን ገንቦ፣ ዱቄቱን፣ ምጣዱን፣ አንዳንዴም ሕፃን ይዛ ያንኑ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ሰፈር ሲደረስ ወንዱ ጋሻውን ሰቅሎ አረፍ ይላል። የእሷ የሥራ ቀን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መፍጨት፣ ማቡካት፣ መጋገር። ወፍጮ ዛሬ የኤሌክትሪክ ነገር ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን እህል በድንጋይ መፍጨት ብቻውን የሰዓታት ሥራ ነው። ጠዋት ሠራዊቱ ሲነሳ ያው ገንቦ እንደገና ጀርባ ላይ ይወጣል። ወደ ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት ጥይት ብቻ ይዞ እንዳልሄደ ሁላችንም እናውቃለን። እቴጌ ጣይቱ በጦርነቱ ቀን ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውሃ ማስቀዳታቸው በየዓመቱ ይተረካል። ሴቶቹ ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ወራት በየምሽቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን የሚተርክልን የለም። ፊታውራሪና ቀኛዝማች የሚል ማዕረግ ያወጣ ሰፈር ገንቦ ለተሸከመችዋ ሴት ማዕረግ አላወጣም።

ሌላው ተሸካሚ ባላገሩ ነው። ሰፈሩ ያረፈበት አገር ገበሬ ድርጎ ያቀርባል፤ እንጀራውን፣ ጠላውን፣ ማሩን፣ በጉን። ወታደሩ በየቤቱ ሲመራማ አበሳው ሌላ ነው፤ እንግዳው አይሄድም፣ አስተናጋጁም "በቃኝ" አይልም። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱን ለማስቀረት አስራት የሚባለውን ግብር ማውጣታቸው፣ ችግሩ ቤተ መንግሥት ድረስ የተሰማ እንደነበር ያሳያል። ለባላገሩ የንጉሥ ድንኳን ከሩቅ መታየቱ ክብር ብቻ ሳይሆን ድንጋጤም ነበር።

ሦስተኛው ተሸካሚ ዛፉ ነው። ተራው ወታደር ድንኳን የለውም፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሣር አልብሶ ጎጆ ይሠራል። ለምድጃውም እንጨት ያስፈልገዋል። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ጥቂት ወራት ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው ጫካ ይራቆታል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ይነሳል። መናገሻው ለምን ይዘዋወር ነበር ሲባል ፖለቲካና ጦርነት ይጠቀሳሉ፤ እውነት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የማገዶ ማለቅ ነው። ሰፈሩ አገሩን ይበላል፤ ሲጨርስ ሌላ አገር ይሄዳል።

ለመዝናናት ተብሎ የተተከለ ድንኳንም ታሪካችን ውስጥ አለ። ያውም ትልቁ። ምኒልክ እንጦጦ ተራራ ላይ በነበሩ ጊዜ ቦታው ለመከላከል የሚመች ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የሚቻል አልነበረም፤ እንጨትና ውሃም ይቸግር ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ወደ ቆላው፣ ወደ ፍል ውሃው ይወርድና ድንኳን ተክሎ ገላውን ይታጠባል፣ ይታከማል፣ ያርፋል። ውሃ ዳር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ቤተሰብ ይዞ። ይኼ ካምፒንግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱትና ቤት ለመሥራት ጠየቁ። ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ አባባ የሚኮሩበት ጣራና ግድግዳ ያለበት ከተማ ራሱ ከአንድ የውሃ ዳር ሽርሽር የተወለደ ነው።

ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበትና ይኖሩበት ነበር። ለእንጦጦው እንግዳ የማረፊያ ውሃ የሆነው ለእነሱ አገራቸው ነው። ድንኳኑ ቤት፣ ቤቱም ከተማ ሲሆን ቦታ የለቀቀው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ደግሞ ያው የድሮው ታሪክ ሊደገም ነበር። አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረውን እንጨት ጨረሰችና ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም የሚባል ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይበቅላል፤ ቢቆረጥ ደግሞ ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ባሕር ዛፍን መሬት ያደርቃል እያልን የምናማው ልክ ነው። ግን እሱ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ይኼን ጽሑፍ የምናነበው አዲስ ዓለም ላይ ተቀምጠን ሊሆን ይችል ነበር።

ወደ ሐይቁ እንምጣ። አዲስ አበቤ በመኪና ወርዶ ሐይቅ ዳር ቅዳሜና እሑድን ማሳለፍ የለመደው በጃንሆይ ዘመን ነው። ንጉሡ ራሳቸው ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ማረፊያ ነበራቸው። ከዚያ አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ለመውረድ መኪና ያለው ሹም፣ ነጋዴ ወይም የውጭ አገር ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። በዚያ መንገድ ስማቸው የማይረሳው አቶ በቀለ ሞላ ናቸው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ እያሉ መንገደኛው በሚደክምበት ቦታ ሁሉ ሆቴል ተከሉ። ነገሩን ካሰብነው በቀለ ሞላ የደቡቡ መንገድ ፊታውራሪ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቀድመው ሄደው ውሃውንና ጥላውን አይተው ማረፊያውን አዘጋጁ። ላንጋኖ ላይ ከእሳቸው ሌላ ዋቢ ሸበሌም ነበር። የአንድ ትውልድ አዲስ አበቤ የጫጉላ ጊዜና የመጀመሪያ ዋና ትዝታው ከእነዚህ ሁለት ስሞች ጋር የተያያዘ ነው።

ከሐይቆቹ ሁሉ ላንጋኖ የተመረጠው በቁንጅናው አይመስለኝም። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው። ደለሉ በጣም የላመ ስለሆነ አይዘቅጥም፤ ነጭ ካናቴራ ለብሶ የገባ ልጅ ቡናማ ለብሶ ይወጣል። ግን ቢልሃርዚያ የለበትም የሚል ስም አተረፈ። ጎረቤቱ ዝዋይ በሽታው ያለበት መሆኑ ስለሚታወቅ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ዝዋይን አልፎ ላንጋኖ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑም ተስማሚ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መድረስ ይቻላል።

እንግዲህ ዕቅዱን እናውጣ። የድሮው ፊታውራሪ ሦስት ጥያቄ ዛሬም ይሠራል።

ውሃ፦ የሐይቁ ውሃ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ከቤት ይጫናል፣ ቆላ ነውና ከገመቱት በላይ ያልቃል። ወቅቱን በተመለከተ ከመስቀል እስከ ኅዳር አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ግን የወባ ትንኝዋም የምትበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። አጎበር ሳይዙ ልጅ ይዞ መውረድ ድፍረት ነው። ከታኅሣሥ ወዲያ ትንኙ ይቀንሳል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ "ቆላ ነው" ተብሎ ብርድ ልብስ የተተወበት ቤተሰብ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ጉማሬ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አያሳፍርም። ሣሩን እንኳ እንለፈው፤ የእኛ በቅሎ ቤንዚን ነው የሚበላው።

ማገዶው ላይ ግን ቆም እንበል። ከላንጋኖ ማዶ፣ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ፣ አብያታና ሻላ አሉ። አካባቢው በ1960ዎቹ ፓርክ ሆኖ ተከልሎ ነበር፤ የግራር ጫካውና የወፎቹ ብዛት የታወቀ ነው። ፔሊካኖቹ በሻላ ደሴቶች ላይ ይራቡና ዓሣ ለማደን ወደ አብያታ ይሻገሩ ነበር። አብያታ ዛሬ በዚያን ጊዜ የነበረውን አያክልም። ወደ እሱ የሚፈሰው ውሃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ሲስብ ኖሯል። ውሃው ሲሸሽ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹም ምሳቸውን አጡ። ግራሩ ደግሞ ከሰል ሆነ። በመንገዱ ዳር ተደርድሮ የሚታየው ጆንያ ሁሉ ትናንት ዛፍ ነበር። የሚገዛው ማነው? ላንጋኖ ተዝናንቶ የሚመለሰው አዲስ አበቤ ነው። "እዚህ ርካሽ ነው" እያለ ሁለት ጆንያ መኪናው አናት ላይ ይጭናል። እዚያው ሰፈሩ ውስጥም "ያለ እሳት ካምፒንግ ምኑን ካምፒንግ ሆነ!" ተብሎ ማታ ማታ ግንድ ይነድዳል። የምኒልክ ወታደር እንኳ ጎጆ መሥሪያና እራት ማብሰያ ነው የፈለገው፤ እኛ ግን ለፎቶግራፍ ነው የምናነደው። አንድ የቡታጋዝ ምድጃ ከቤት መያዝ ይበቃል። ከሰል ሻጩ ልጅ ምን ይብላ የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያው ልጅ ዓሣም ሊሸጥ፣ ጀልባም ሊቀዝፍ፣ ሌሊትም ድንኳን ሊጠብቅ ይችላል። ቆሮሶውን ከእሱ ግዙ፣ ከከሰሉ የተሻለ ይከፈለዋል።

የባላገሩ ነገርም አላለቀም። በሐይቁ ዳር የሚኖረው አርሲ ኦሮሞ ከብቱን የሚያጠጣው እዚያው ውሃ ላይ ነው። አጥርና ዘበኛ ያለበት መዝናኛ በበዛ ቁጥር የከብቱ መንገድ ይጠባል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በነበረው ሁከት በላንጋኖ ዳር ከታወቁት ማረፊያዎች አንዱ የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ መቃጠሉ ይታወሳል። ቃጠሎ ምን ጊዜም የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም፤ በዚያ ሎጅ እንጀራውን የሚበላ የአካባቢው ሰውም ብዙ ነበር። ድንኳን ተካዩ ግን ቢያንስ ይኼን ማወቅ አለበት፤ "ባዶ ሜዳ" ብሎ የሚያየው ቦታ በአንድ ሰው ቋንቋ ስም አለው፤ በማለዳ የሚያልፉት ላሞችም መንገድ የሳቱ አይደሉም።

የቀረን የመጀመሪያዋ ተሸካሚ ናት። ስንት ቤተሰብ ከላንጋኖ ሲመለስ "በጣም ተዝናናን" ሲል እናቲቱ ዝም ትላለች! ሐሙስ ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። ዓርብ ዶሮው ተሠራ፣ እንጀራው ተጋገረ፣ ዕቃው ታሰረ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሳህን አቀረበች። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ አባት ቢራውን ይዞ ጥላ ሥር ነው፤ እሷ ጎንበስ ብላ ድስት ታጥባለች። እሑድ ማታ ደግሞ የመጣውን ቆሻሻ ልብስ ትዘፈዝፋለች። ለባልየው "ለምን አታግዛትም?" ብትሉት "ኧረ እሷ ራሷ ናት እምቢ የምትለው፣ የእኔ እጅ አይጥማትም" ይላል። የገንቦዋ ተሸካሚም ብትጠየቅ ኖሮ ጌታዋ ያንኑ ይመልስ ነበር።

አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት የቤቱን ጉዞ በማዕረግ አደራጀው። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ፊታውራሪ ሆነ፤ ከመኪና ቀድሞ ወርዶ ነፋሱንና ጥላውን አይቶ የደረቀ ቅርንጫፍ የሌለበትን ቦታ መምረጥ የእሱ ሥራ ነው። ሴት ልጁ ባልደራስ ናት፤ ጎማና ቤንዚን ትቆጣጠራለች። ወዳጄ ራሱ ደጀን ነው፤ ከኋላ ቀርቶ ድስቱን ያጥባል፣ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሰብስቦ ይጭናል። ምግቡ በሶ፣ ድርቆሽ ፍርፍርና እዚያው የተገዛ ዓሣ ነው፤ ዶሮ ወጥ በዐዋጅ ተከልክሏል። ሽማግሌው አባቱም "ሜዳ አላድርም" ብለው የነበሩት አብረው ሄዱ፤ ድንኳኑ ሲዘም ካስማውን ማጥበቅ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። ለሚስቱ ማዕረግ ቢፈለግ ጠፋ። በመጨረሻ እሷው "እኔ ንጉሥ ነኝ" አለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናማው ውሃ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ፣ ከዳር ሆነው "ጨው የት ነው ያለው?" እያሉ ሲጮሁባት አልሰማችም።